ለኮምፒውተር ብቃት ምዘና እንዴት እንዘጋጅ?

 

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች በርበሬና በቆሎ ሸጠው ልጆቻቸውን የኮምፒውተር ሙያ የሚያስተምሩ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ልጁ ወይም ልጅቱ ሥልጠናውን ጨርሰው ሲመለሱ ቤተሰብ ሥራ የተያዘ ያህል ይደሰታል። ይሁን እንጂ በሥልጠናውና በሥራው መካከል አንድ በር አለ። እርሱም በተለምዶ «ሲኦሲ» የምንለው የሙያ ብቃት ምዘና ነው። ቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች ከኮሌጁ ማስረጃ ጋር የዚህን ምዘና ሰርተፊኬት ይጠይቃሉ። በዚህ ወር ዓምዳችን ወደዚህ በር የሚቀርቡ ወንድሞችና እህቶች እንዴት መዘጋጀት እንዳለባቸው እንመለከታለን።

ምዘናው ምን ይጠይቃል?

ምዘናው የሚዘጋጀው ለሙያው በወጣው የሙያ ደረጃ መሠረት ነው። ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው አከፋፈል ደረጃ 1 እና 2 የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ድጋፍ አገልግሎት፣ ደረጃ 3 እና 4 ደግሞ የሃርድዌርና ኔትወርክ ጥገናን የመሳሰሉ ሙያዎች ነበሩ። ተመዛኙ በጽሑፍ ይፈተናል፤ ከዚያም በመዛኙ ፊት በእጁ ሠርቶ ያሳያል። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል እንጂ ከክፍሉ ስንተኛ ወጣ የሚል አይደለም። በመደበኛ ትምህርት ሳይሆን ጥገና ቤት ውስጥ በሥራ ሙያውን የለመደ ወጣትም ሊመዘን ይችላል። ይህን የማያውቁ ብዙዎች በመሆናቸው ልብ እንድትሉት እንሻለን።

ሽምደዳ የት ያደርሳል?

ምዘናው ሲቃረብ ከየአቅጣጫው የቆዩ ጥያቄዎች ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋሉ። «ፈተናው ይኸው ነው» ተብለው በገንዘብ የሚሸጡም አሉ። ለመለማመጃ ከሆነ ያለፉ ጥያቄዎችን መሥራት ጥሩ ነው። መልሱን ብቻ ይዞ መሄድ ግን ካቻቪቴ በእጅ ሲሰጥ ያጋልጣል። ተሰርቆ የወጣ ፈተና መግዛት ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። ሰርተፊኬቱ ለሰው «ንብረትህን ስጠኝ፣ አላበላሸውም» የሚል የአማና ቃል ነውና። የጤና ጣቢያ ወይም የዩኒየን መዝገብ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ባልተማረ እጅ ያጠፋ ሰው በምን ይመልሰዋል?

መድረሳ የተቀመጥን ሁሉ አንድ ነገር እናውቃለን። ተጅዊድን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ የለም። ተማሪው ኡስታዙ ፊት ቀርቦ ይቀራል፤ ኡስታዙ ይሰማዋል፤ የሳተውን ያርመዋል፤ ነገ ደግሞ የትናንቱን ያስደግመዋል። የኮምፒውተርም ዝግጅት መልኩ ይኸው ነው። የሚያይ ሰው ፊት መሥራት፣ መታረም፣ መድገም።

እጅን ማለማመድ

አንደኛ፣ ኮምፒውተር መፍታትና መግጠም። የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅሎ የኮምፒውተሩን የብረት አካል መንካት ይቅደም፤ በሰውነታችን የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ራምና ማዘርቦርድ ሊያበላሽ ይችላልና። የማይበራ ኮምፒውተር ሲገጥም ከቀላሉ መጀመር፦ ሶኬቱ፣ ገመዱ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ከዚያ ራሙን አውጥቶ በትክክል መልሶ መግጠም። የደረሱበትንም በቅደም ተከተል በደብተር መጻፍ።

ሁለተኛ፣ የኔትወርክ ገመድ። ስምንቱ ሽቦዎች በተለመደው አሠራር ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ተብለው ይደረደራሉ። አንድ ገመድ ከ100 ሜትር እንዳይበልጥም ያስፈልጋል። ቁርጥራጭ ገመድና ጥቂት ማያያዣዎች ገዝቶ ደጋግሞ መሥራት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ። የአይፒ አድራሻ አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። 255.255.255.0 በሚለው አከፋፈል ስንት መሣሪያ ይገናኛል? 254። ለምን 256 እንዳልሆነ ለጓደኛው ማስረዳት የቻለ ገብቶታል ማለት ነው። ሁለቱ፣ አንዱ ለኔትወርኩ መጠሪያ፣ ሌላው ለሁሉም መልእክት ማስተላለፊያ ስለሚያዙ ነው።

በውጭው ዓለምም አካሄዱ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው «ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ» የተባለው የጀማሪዎች ፈተና በሁለት ይከፈላል። በእያንዳንዱ እስከ 90 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ይሠራል፤ ከመካከላቸው ችግሩን በስክሪኑ ላይ ፈትቶ ማሳየት የሚጠይቁ አሉበት። ክፍያው በዶላር በመሆኑ ለብዙ ቤተሰባችን ይከብዳል፤ የሚመዝነው ዕውቀት ግን እዚሁ ልንለማመደው የምንችለው ነው።

ኮምፒውተርም ኔትወርክም ሲጠፋ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጥሩ ዕድል ነው፤ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ትምህርታቸውን ሁሉ በኔትወርክ ላይ ያደረጉ ወጣቶች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ስለዚህ ኔትወርክ በተገኘ ቀን መጻሕፍትና ቪዲዮ አውርዶ በፍላሽ ማስቀመጥ ይገባል። የሞተ ኮምፒውተር እንኳ ለመፍታትና ለመግጠም ይሆናል። አራት አምስት ሆናችሁ ገንዘብ አዋጥታችሁ አንድ አሮጌ ብትገዙ፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው እንደ መዛኝ ቢመለከት፣ ትልቅ ትምህርት ቤት ከፈታችሁ ማለት ነው። በከተማው ካለ ጥገና ቤት በትሕትና ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ማገዝም ይቻላል።

ወላጆች ሆይ!

ለልጃችሁ ሰዓት ስጡ። በተለይ ሴት ልጃችሁን። ከኮሌጅ ስትመለስ ውኃው፣ ወጡ፣ ታናናሾቿ ይጠብቋታል፤ ወንድሟ ሲለማመድ እርሷ ማጀት ከቀረች ለሁለቱም የከፈላችሁት እኩል አያፈራም። በቀን ሁለት ሰዓት ለልምምዷ ብትለዩላት፣ ከእህቶቿ ጋር በቡድን እንድትሠራ ብትፈቅዱላት ትልቅ ውለታ ነው።

ምናልባት ውጤቱ «ገና ብቁ ያልሆነ» ቢል ደግሞ አትቆጡ። «ገና» የሚለውን ቃል አንብቡ። የጎደለው ምን እንደሆነ ተጠይቆ፣ እርሱው ላይ ተሠርቶ፣ እንደገና መመዘን ይቻላል። የተማሪው ድርሻ መልመድ፣ የወላጅ ድርሻ መታገሥ ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ወሰላሙ ዓለይኩም።