የስልክ መስመርና የእንጀራ ጉዳይ



እ.ኤ.አ. በ1981 ሰባት ሕንዳውያን መሐንዲሶች ፑኔ በምትባል ከተማ የኮምፒውተር አገልግሎት ድርጅት አቋቋሙ። ካፒታላቸው 250 ዶላር ያህል ሲሆን እሱም ከአንደኛው ባለቤት የተገኘ ነበር። ድርጅቱ ኢንፎሲስ ይባላል። ከመሥራቾቹ አንዱ ናራያና ሙርቲ ደጋግመው እንደተናገሩት፣ በዚያን ዘመን የስልክ መስመር ለማግኘት ዓመት፣ ኮምፒውተር ከውጭ ለማስገባት ደግሞ ዓመታት ይፈጅ ነበር። ይህ ታሪክ ለእኛ አገር ነጋዴ እንግዳ አይመስለንም።

በ1991 የሕንድ መንግሥት የፈቃዱን ሰንሰለት አላላ፤ ሶፍትዌር ለውጭ ገበያ ለሚያቀርቡም የሳተላይት መስመር የሚያቀርብ ተቋም መሠረተ። መስመሩን ዘርግቶ ከመንገድ ዞር አለ ማለት ነው (ለመንግሥታት ይህ ሁለተኛው እንደሚከብዳቸው እናውቃለን)። በ1999 ኢንፎሲስ በአሜሪካው ናስዳክ ገበያ የተመዘገበ የመጀመሪያው የሕንድ ኩባንያ ሆነ። በ2017 ደግሞ የአሜሪካ የቪዛ ቁጥጥር ሲጠብቅ፣ በሁለት ዓመት 10,000 አሜሪካውያንን እንደሚቀጥርና የመጀመሪያውን ማዕከል በኢንዲያና እንደሚከፍት አስታወቀ። በብድር የተጀመረ ድርጅት የሀብታም አገር ልጆች ቀጣሪ ሆነ።

«ታዲያ ሥራው ወደ ውጭ ሄደ፤ ሕንድ ምን ተጠቀመች?» የሚል መራጭ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከሠራተኞቹ የሚበዙት ዛሬም ሕንድ ውስጥ ናቸው፤ ውጭ የተከፈተው ቢሮ ለአገር ቤቱ ሥራ አመጣለት እንጂ አልነጠቀውም።

በእኛ አገር ግን ቴሌኮሙ ከአንድ የመንግሥት ድርጅት በቀር ለሌላ የተከፈተው በ2021 ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ፣ በ2023 በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጧል። መቀሌ ወይም ባህር ዳር ተቀምጦ ለውጭ ደንበኛ ሥራ በቀኑ ሊያስረክብ የተዋዋለ ወጣት ምን ያድርግ? እኛ የሕግ ሰዎች ይህን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል እንለዋለን፤ ደንበኛው ግን ሳይከራከር ወደ ሌላ አገር ይሄዳል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው ሥራ የመተዳደር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ብትመርጡን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ኢንተርኔት እንዳይቋረጥ የሚከለክል፣ በሕገ ወጥ መንገድ ያቋረጠውም አካል ለተጎዳው ካሳ እንዲከፍል የሚያስገድድ ረቂቅ አዋጅ በመጀመሪያው የሥራ ዓመት ለምክር ቤት እናቀርባለን።