መጠይቁን የሞላችው ነርስ ክትትሉንም ትያዝ



በቅርቡ ከሶላት ስንወጣ አንድ ወንድማችን በር ላይ ወድቆ ተንቀጠቀጠ። ክብሪት ጭሮ ሊያሸትተው የሮጠው የጤና ተማሪ ነበር፤ ከእኛው መካከል። በጎኑ ማስተኛትና ጭንቅላቱን ከድንጋይ መጠበቅ ይበቃ ነበር። አፍረናል።

ውድ የነርሲንግ ተመራቂ እህትና ወንድሞች፣ ይህን የምናነሳው የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምትመርጡበት ጊዜ ስለሆነ ነው። ብዙዎቻችን ቶሎ የሚያልቅ ርዕስ እንፈልጋለን። መጠይቁ ይሞላል፣ ጥራዙ ላይብረሪ ይገባል። የተጠየቀው ሰውስ?

ከወልቂጤ ብዙም ሳንርቅ፣ በቡታጅራ ዙሪያ፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት ጥናት አካሂደው ነበር። ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኙ። ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ አብዛኛው መፍትሔ የሚፈልገው ከቅጠላ ቅጠል፣ ከጠበልና ከክታብ ነበር። ፕሮፌሰሩ ግን ቆጥረው አልቀሩም፤ ቡታጅራ ላይ ግራርቤት ተሐድሶ ማኅበርን መሠረቱ። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ፕራይም የተባለ የምርምር ፕሮግራምም በሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕመምንና የሚጥል በሽታን እንዲያክሙ አሠልጥኗል።

ስለዚህ ከጥናት ወደ ሕክምና የሚወስደው መንገድ እዚሁ ደጃችን ላይ ነው፤ በእኛ እምነት ደግሞ ለነርስ የሚስማማ ነው። ፌኖባርቢታል ርካሽ መድኃኒት ነው፤ ችግሩ ለዓመታት በየቀኑ መወሰዱ፣ በድንገት ሲቋረጥም ሕመሙ ብሶ መመለሱ ነው። ረመዷን ሲመጣ ማንንም ሳያማክር የሚያቋርጠውን አስቡት። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ብዙ ጊዜ ማታ አንዴ መውሰድ ይቻላል፤ ግን ይህን ቀድሞ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። በጫትም ሆነ በሌላ ምክንያት እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን እንደሚቀሰቅስም እንዲሁ። ታካሚውን በየወሩ የምታየው፣ ጉራጊኛውን የምትሰማው ነርስ ናት።

«ጂን ነው» የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ከእነሱ ጋር ክርክር አንገጥምም፤ ሩቅያውም ይቀራ፣ ኪኒኑም ይዋጥ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለዋል። ይጥላት የነበረችውን ሴት ሐዲስም ሁላችንም ሰምተናል፤ ሶብርን መርጣ፣ ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ ግን ዱዓእ እንዲያደርጉላት ጠየቀች። ዛሬም ወላጆች ልጃቸውን ከሰው የሚደብቁት በዚሁ ፍርሃት ጭምር ነው። ሂጃቧን የምታስተካክልላት፣ ስለ ትዳርና ስለ እርግዝና ያለ ኀፍረት የምታነጋግራት ሴት ነርስ ብታገኝ የምትመጣው ልጅ ብዙ ናት። እህቶቻችን፣ ይህ እናንተን ይመለከታል።

ርዕስ ያላስጸደቃችሁ፣ መጠይቅ ከማዘጋጀታችሁ በፊት አንድ የክትትል ቀን ጤና ጣቢያ ተቀመጡ። በቀጠሮው ያልመጣው ማን እንደሆነና ለምን እንደቀረ ጠይቁ፤ ቤቱ ቅርብ ከሆነም፣ በጤና ጣቢያው ፈቃድ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ሂዱ።