የሣጥኑ ጨርቅ መቼ ይቆረጥ?

«ድሪቶ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ክብር ያጣ ቃል ነው። እራፊ በእራፊ ላይ ተደርቶ የተሠራ ልብስ ማለት ሆኖ ሳለ፣ እኛ ግን የድህነት መጠሪያ አድርገነዋል። አልፎ ተርፎም ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ የተጻፈ ድርሰት ሲያጋጥመን «ይኼማ ድሪቶ ነው!» እንላለን። (እኛ መምህራን በዚህ በኩል የምንታማ አይመስለኝም፤ የታወቅን ነን።) በዚህ የተነሣ እራፊ ቀጣጥሎ የአልጋ ልብስ መሥራት የሚያምረው ሰው ቢኖር እንኳ «ሰው ምን ይለኛል» እያለ ዓመታት ያልፋሉ።

በየቤታችን «ይህማ አይነካም» የተባለ ጨርቅ አለ። የአያት የጥበብ ቀሚስ፣ የአባት ካኪ ኮት፣ ከሠርግ የተረፈ ከፋይ። አንድ ቀን ጥሩ ነገር ይሠራበታል ተብሎ ይቆለፍበታል። ታዲያ ሣጥን ጨርቅ ይጠብቃል የሚባለው ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ሱፉንና ሐሩን ብል ይበላዋል፤ ጥጡን እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፤ ምንም ያልነካው እንኳ ለብዙ ዘመን በአንድ እጥፋት ሲቀመጥ በእጥፋቱ ላይ ይሳሳና ይቀደዳል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ጨርቁ የማን እንደነበረ የሚያውቀው ሰው ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። ስምንት ዓመት ሙሉ ያቀድኩትን የአልጋ ልብስ ዘንድሮ ስጀምር፣ ዓይኗ የደከመው እናቴ ጨርቆቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች «ይኼ አባትሽ ሲያስተምር የሚለብሰው ነው፤ ይኼኛው የእቴቴ መቀነት» ስትለኝ እኔ በወረቀት እየጻፍኩ በስፒል አያያዝኩት። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙን ነገረችኝ። ሁለቱን አገላብጣ አገላብጣ ዝም አለች። የእነዚያን የሁለቱን ባለቤት ከእንግዲህ የሚነግረኝ የለም።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ ወንዝ የከበባት ጊስ ቤንድ የምትባል የጥቁር ገበሬዎች መንደር አለች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች የመንደሩ ሴት ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ቆርጣ ብርድ ልብስ ሰፋችበት። በዚያች መንደር ከሥራ ልብስ በተሠሩ ብርድ ልብሶች ላይ ኪስ ተነቅሎ የቀረው ደማቅ ምልክት ሳይቀር ይታያል። በ2002 የመንደሩ ሴቶች ሥራ በሂውስተን፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ ሙዚየም ቀርቦ ብዙ ሕዝብ አየው፤ በ2006 ደግሞ በፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ሚዙሪ ፔትዌይ ግን የሰፋችው ባሏን ልታስታውስበትና ልትሞቅበት ነበር።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «የእናት ቀሚስ ይቆረጣል እንዴ? ነውር አይደለም?» ብላኛለች። ጥያቄዋ የሚናቅ አይደለም። ቀሚሱ ሙሉ ከሆነና የሚለብሰው ሰው ካለ እኔም አይቆረጥ እላለሁ፤ ይለበስ። ብብቱና ጫፉ አልቆ ጥለቱ ብቻ የተረፈውን ግን አጥፎ ማስቀመጥ ማክበር መስሎ አይታየኝም።

እንግዲህ መቀስ ላነሳ ሰው ጥቂት ልበል። በመጀመሪያ ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ ለየብቻ ማጠብ ነው። ጥጥ ይሰበሰባል፤ ከተሰፋ በኋላ ቢሰበሰብ ሥራው ሁሉ ይጨማደዳል። እርጥቡን ጥለት በነጭ ጨርቅ ጫን ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ቀለም ከለቀቀ እስኪያቆም ደጋግሞ ማጠብ፣ አላቆምም ካለም ከነጭ ጋር አለማገናኘት። ሸማ ሲቆረጥ ስለሚተረተር ሳይቆረጥ በፊት ስስ አቡጀዲ ገበር ይደረግለት፤ ከስፌቱ ውጭ የሚተርፈውም ጠርዝ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይነስ። ካኪና ሽማን ጎን ለጎን ሲያደርጉ ወፍራሙ ስሱን ይጎትተዋል፤ ገበሩ ለዚህም ይረዳል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አስቀድሞ በርካሽ አቡጀዲ ይለማመድ። ሲንጀር የሌለው በእጁ ይስፋ፤ የጊስ ቤንድ ሴቶችም ብዙውን በእጃቸው ነው የሰፉት።

እጩ መምህራን ሆይ፣ ይህ የባልትና ወሬ መስሏችሁ ገጹን እንዳታልፉት። ነገ በምትመደቡበት ትምህርት ቤት ለእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ጨርቅ የሚገዛላችሁ ላይኖር ይችላል። እራፊ ግን በየተማሪው ቤት አለ። ባለ 12 ሳንቲ ሜትር ካሬ ስትቆርጡ በየጎኑ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር በስፌት ይገባና 10 በ10 ይቀራችኋል። አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር ለሆነ የአልጋ ልብስ 15 ጊዜ 20፣ ማለትም 300 ካሬ ያስፈልጋል። ይህን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከምትጽፉት በእራፊ ብታሳዩት ልጁ ቶሎ ይገባዋል። ጨርቁ የማን እንደነበረ እቤቱ ጠይቆ እንዲመጣ ብታዙት ደግሞ የአማርኛ ድርሰቱም እዚያው ተገኘ ማለት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት መልስ በእጅ ሥራ ክፍል እንገናኝ። እራፊ ይዞ የሚመጣ ሁሉ የማን እንደነበረ በወረቀት ጽፎ ያያይዝበት። መቀስ ያለን ሁለት ብቻ ስለሆነ ያለው ሰው ይዞ ቢመጣ መልካም ነው።