ማር ከመላስህ በፊት ተመርመር

ጎበዝ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። ትዳር ውስጥ ልጅ ሲዘገይ ቀድማ ሐኪም ቤት የምትላከው ለምን ሁልጊዜ ሚስት ናት? ከእንዲህ ዓይነት ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ አለበት። እሱ ግን ማር ይልሳል፣ ቁርጥ ያስቆርጣል፣ እንክብል ይገዛል፤ አይመረመርም።

ምግብ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። አንድ ስፐርም ተሠርቶ ለመጨረስ ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል፤ የዛሬ አመጋገብህ ውጤቱ የሚታየው ያኔ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ ለ12 ሳምንታት በየቀኑ 75 ግራም ዋልነት የበሉ ጤነኛ ወጣቶች የስፐርማቸው እንቅስቃሴ ተሻሽሏል። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመው ደግሞ 2,370 ጥንዶችን ያካተተ ነበር። ዚንክና ፎሊክ አሲድ ለስድስት ወር የዋጡት ወንዶች፣ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ከዋጡት በስፐርም ጥራትም ሆነ ልጅ በማግኘት አልበለጡም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጎመኑንም ምስሩንም ዓሣውንም ብላ፣ ሲጋራውን ተው። የተዘጋ የዘር ቱቦን ግን ማር አይከፍተውም። ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። ለምርመራ የዘር ፈሳሽ መስጠት የአንድ ጠዋት ጉዳይ ነው። አንተ እስክትመረመር ግን «መካን» እየተባለች የምትኖረው እሷ ናት።