ደህናውን ሞተር ለምን በኪሎ?

ሚናለሽ ተራ ላይ አሮጌ ሞተር ብዙ ጊዜ ዋጋው መዳቡ ነው። ይሰበራል፣ መዳቡ ይወጣል፣ በኪሎ ይሸጣል፣ አለቀ።

ከወፍጮ ቤት የወጣ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ከሆነና ጥቅሉ ካልተቃጠለ ግን ሌላ ሥራም ይችላል። በደቂቃ 1,500 ዙር የሚባለውን ፍጥነት ትንሽ አልፎ በውሃ ጉልበት ቢሽከረከር፣ ልኩ የሆነ ካፓሲተር ቢገጠምለት፣ መብራት የሚበላው ማሽን መብራት ሰጪ ይሆናል።

ሒሳቡን እንየው። በሰከንድ 50 ሊትር ውሃ ከ5 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 2.4 ኪሎ ዋት ገደማ ጉልበት አለው። ግማሹ ቢባክን እንኳ ባለ 10 ዋት አምፖል ከ100 በላይ ያበራል። (የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን እርሱት፤ አንዱ ብቻውን ሁሉንም ይውጠዋል።) ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ ደስ ይላል፤ ከተራራ ጀርባ ላለ 40 ቤት መስመር መዘርጋት ግን ቶሎ የሚያዋጣ ነገር አይደለም።

ርካሽ ነው እያልኩ አይደለም። ቦዩ፣ ተርባይኑና ሽቦው ከሞተሩ በላይ ያስወጣሉ። የሚረሳው ደግሞ መቆጣጠሪያው ነው፦ ማታ ሰው ሁሉ አምፖሉን ሲያጠፋ ሞተሩ ጭነት ያጣና ይፈጥናል፣ ቮልቴጁ ይወጣል፣ ቻርጅ ላይ ያለው ስልክ ይቃጠላል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ነው። ሞተር መጠቅለል ካስተማራችሁ አይቀር፣ እንደ ጀነሬተር ማሠራቱንና መቆጣጠሪያ መግጠሙን ለምን አትጨምሩበትም? ያኔ የሚናለሽ ተራው ነጋዴም ደህናውን ሞተር ከመስበሩ በፊት ከመዳቡ የተሻለ የሚከፍል ገዢ ያገኛል።