የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ሥዕል የአጥኚ ያለህ ይላል

አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ በአጥኚዎች ዘንድ የሚታወሱት በብዕራቸው ነው። «የኢትዮጵያ ታሪክ» በሥርግው ገላው አዘጋጅነት በ2002 ዓ.ም. ታትሟል፤ የጎጃም ታሪካቸውም በግርማ ጌታሁን ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ2014 በኦክስፎርድ ለኅትመት በቅቷል። በልጅነታቸው ከኦሮሞ ምድር ተማርከው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉት እኒህ ሊቅ ግን ሠዓሊም ነበሩ። ሠዓሊነታቸው ዛሬ ከስማቸው ጋር እንደ ቅጽል ብቻ ይነሣል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ልማድ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ በአንድ ወገን ይሣላል፤ ገጽታን የሚወስነው በአብዛኛው የሰውየው መልክ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። ታዲያ ቤተ መንግሥቱን ከውስጥ የሚያውቅ፣ የሰውን ትውልድ እየቆጠረ የሚጽፍ ሠዓሊ ብሩሽ ሲያነሣ ለየትኛው ያደላል? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ የእጃቸውን ሥራ ከሌላው መለየት ግድ ይላል። ሆላንዳውያን የሬምብራንትን ሥዕሎች አንድ በአንድ የሚመረምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1968 አቋቁመው ለዐሥርት ዓመታት ደክመዋል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ለመጀመሪያው መዝገብ ያን ያህል ወጪ አያሻም፤ የገበዙን ፈቃድ ያገኘ፣ ካሜራና ትዕግሥት ያለው አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይበቃል። ሥራው ግን ከግድግዳ እድሳት መቅደም አለበት፤ አዲሱ ቀለም ካረፈ በኋላ የሚቀረው የሽማግሌዎች ቃል ብቻ ነው።