ዕረፍትን ከሞት፣ ጸጥታን ከዘብ እናስመልስ

አማርኛችን ሁለት መልካም ቃላትን ለማይገባቸው ባለቤቶች አሳልፎ ሰጥቷል። አንደኛው «ዕረፍት» ነው። «እገሌ ዐረፉ» ሲባል ሰሚው ቀድሞ የሚጠይቀው ቀብሩ መቼ እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው «ጸጥታ» ነው። ቃሉ ሲነሣ በዐይነ ኅሊናችን የሚመጣው የሐይቅ ዳር ንጋት ሳይሆን የደንብ ልብስና ጠመንጃ ነው። በሕይወት ሳለ ያረፈ ሰው ግን ስሙ ሌላ ነው፤ «ሥራ ፈት» ይባላል። ሕፃን ሲያስቸግር እንኳ «አርፈህ ተቀመጥ!» እንለዋለን፤ ዕረፍትን ገና ከልጅነቱ እንደ ቅጣት እናስተምረዋለን። እንግዲህ ዕረፍትን ለሙታን፣ ጸጥታን ለዘብ ከሰጠን ለሕያዋን ምን ተረፈላቸው? የተረፈላቸው ግርግር ነው፤ ይኸውም «መዝናናት» የሚል የክብር ስም የተሰጠው ግርግር።

ይህ መዝናናት ምን እንደሚመስል አንባቢ ያውቀዋል። ጉዞው ገና ሳይነጋ ይጀመራል። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ድምፅ ማጉያው ይከፈታል፤ እስከ ማታም አይዘጋም። ዝዋይ ላይ ፎቶግራፍ፣ ላንጋኖ ላይ ፎቶግራፍና ጥብስ፣ ሐዋሳ ላይ ዓሣና ፎቶግራፍ፣ ከዚያ በጨለማ መመለስ! ሚሊዮን ዘመናት የፈጀው የስምጥ ሸለቆ ለሦስት ሐይቆች አንድ ቀን ይበቃዋል ተብሎ ይፈረድበታል። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው፤ ውበቱን የሚያሳየው ዳሩ ላይ ተቀምጦ ብርሃኑ ሲለዋወጥ ለሚያይ ሰው እንጂ ጀርባውን ሰጥቶ ስልኩ ውስጥ ለሚፈግግ አይደለም። ተጓዡም ሰኞ ማለዳ ወደ ሥራው ሲገባ ከሄደበት ቀን ይልቅ ደክሞ ይገባል። «እንዴት ነበር?» ሲባል «በጣም ተዝናናን» ይላል፤ ዐይኖቹ ግን እንቅልፍ ይለምናሉ።

ከዚህ የባሰም አለ። መሥሪያ ቤቶቻችን ሠራተኛውን ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ወስደው፣ ቀኑን ሙሉ በአዳራሽ ዘግተው፣ ሪፖርት አስደምጠውና በቡድን ከፋፍለው ሲያወያዩት ከዋሉ በኋላ ማታ ሙዚቃ ከፍተው «ሠራተኛውን አሳርፈናል» ይላሉ። አበል የሚከፈልበት ስብሰባ ስብሰባ ነው፤ የሐይቅ ዳር መሆኑ ስሙን አይለውጠውም። መምህሩም ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ዓመቱን ሙሉ በጠመኔ የደረቀ ጉሮሮው እንዲያርፍ ፈንታ ወደ ክረምት ትምህርት ይጓዛል። የመድረክ ሰውማ ምን ይባል? የሌላው በዓል የእርሱ የሥራ ቀን ነው፤ ሕዝቡ በሚያርፍበት ሌሊት እርሱ ላብ ሲያፈስ ያድራል፤ ሕዝቡ ወደ ሥራው ሲመለስ ደግሞ የሚያርፈው ሰው «ሥራ የለውም» ይባላል።

ዕረፍት ግን ችሮታ አይደለም፤ ታግለው ያገኙት መብት ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሠራተኞች ፋብሪካዎችን ይዘው ካደረጉት ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ በኋላ የሁለት ሳምንት ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት በሕግ ታወጀላቸው። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም በአንቀጽ 24 የሰው ልጅ ሁሉ የዕረፍት መብት እንዳለው ደንግጓል። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ለየሁለቱ ዓመት አገልግሎት አንድ ቀን ይጨምራል። ልብ በሉ! ሕጉ ሠራተኛው ራሱ መብቱን ልተው ብሎ ቢስማማ እንኳ ስምምነቱ ዋጋ የለውም ይላል። አዋጅ አርቃቂው ከብዙዎቻችን ይልቅ የሰውን ድካም ዐውቋል። ይሁን እንጂ ሕግ ቀኑን ይሰጣል እንጂ ቀኑን በምን እንደምንሞላው አይነግረንም፤ ያ የባህል ሥራ ነውና በዚህ መጽሔት ላይ መነሣቱ ተገቢ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ ይታወቃል። የመጀመሪያው «ድኻ አገር አያርፍም» የሚለው ነው። ይህን የሚለው ሰው ገበሬውን ይጠይቅ። ገበሬው በሬውን ከቀንበር ይፈታል፤ አቅም ባለው ጊዜ መሬቱን ያሳርፋል፤ ሰንበትን ያከብራል። ይህን የሚያደርገው ስለ ጠገበ አይደለም። ያልተፈታ በሬ ለነገው ትልም እንደማይደርስ ስለሚያውቅ ነው። ነገር ግን ክርክሩን እዚህ ላይ ማቆም የለብንም። ዕረፍትን «ለነገው ሥራ ጉልበት ማደሻ» በማለት ብቻ የሚከላከሉለት ወዳጆቹ ሳያውቁት ከጠላቶቹ ጋር ያብራሉ፤ ሰውን ከበሬው ጋር በአንድ ቀንበር ይጠምዱታልና። ሰው የሚሠራው ለመኖር ነው፤ ጸጥ ብሎ ከልጁ አጠገብ መቀመጡ ደግሞ ራሱ መኖር ነው። ለዚያ ሰዓት የምርት ደረሰኝ ሊጠየቅበት አይገባም። ገጣሚውም ቢሆን ከዕረፍቱ ግጥም ይዞ ባይመለስ አላጠፋም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ጸጥ ያለ ዕረፍት የፈረንጅ ነገር ነው፤ የእኛ ሕዝብ በጭፈራና በደስታ ነው የሚያርፈው» የሚል ነው። ጭፈራን የሚጠላ የለም፤ ሠርግ በሹክሹክታ አይደገስም። ነገር ግን የባህላችንን ግማሽ ቆርጦ «ሙሉው ይህ ነው» ማለት ታሪክን መካድ ነው። ይህች አገር ስለ ማረፊያ ቀን ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከረች አገር ናት፤ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር የሚለው ጥያቄ በ1450 እ.ኤ.አ. በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው እልባት ያገኘው። ባለ 10 አውታሩ በገና ዝቅ ባለ ድምፁ የሚደመጠው ሌላው ሁሉ ዝም ሲል ነው። ቡናችን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ በሦስት ተከፍሎ የሚጠጣው ጥሙ በአንድ ስኒ ስለማይቆርጥ አይደለም፤ ጨዋታው እንዳይቸኩል፣ በጨዋታው መካከልም ዝምታ እንዲገባ ነው። ዋና ከተማችንስ? በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቆረቆረችው የእንጦጦ ቤተ መንግሥት ሰዎች ለመታጠብ በሚወርዱበት በፍል ውኃ አጠገብ ነው፤ ስሟን ያወጡላትም እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ከማረፊያ የተወለደች ከተማ ዛሬ ለነዋሪዎቿ ማረፊያ ስትነፍግ ዝም ብሎ ማየት ይገባልን?

እውነተኛው ጥያቄ እንግዲህ ሕዝቡ ጸጥታን ይወዳል ወይስ አይወድም የሚለው አይደለም። ጸጥታ የማን ንብረት ሆነ? የሚለው ነው። ዛሬ በሐይቆቻችን ዳር ጸጥ ያለው ቦታ ብዙውን ጊዜ በአጥር ውስጥ ነው፤ በሩ ላይ ዘብ አለ፤ የአንድ ሌሊቱ ዋጋም መምህር የማይደፍረው ነው። ከአጥሩ ውጭ ለቀረው ሕዝብ የተተወለት አቧራና ድምፅ ማጉያ ነው። ከዚያም «ሕዝቡ ጩኸት ይወዳል» ይባልለታል! ይህ የተጠማን ሰው ጠላ ብቻ አቅርቦለት «ውኃ አይወድም» እንደ ማለት ነው። በሕዝብ የሐይቅ ዳርቻ ሁሉ ዛፍ ያለበት፣ አግዳሚ ወንበር ያለበት፣ ድምፅ ማጉያ የማይገባበት አንድ ስፍራ መለየት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ድኻም ዝምታ ያስፈልገዋል ብሎ ማመንን ነው።

ያዘገመ ዕረፍት ሩቅ መሄድንም አይጠይቅም። መንገድ በማይታመንበትና የመጓጓዣ ዋጋ በናረበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ቦታ ይበቃል። ወደ ወንጪ የሄደ ሰው ወንጪ ላይ ይደር፤ በማግሥቱ ያንኑ መንገድ በእግሩ ይድገመው፤ ትናንት ያላየውን ያያል። ወደ ትውልድ ቀበሌው የሄደ ሰው ቤት ለቤት ሲሮጥ አይዋል፤ ከአያቱ ጋር ደጅ ላይ ይቀመጥ፤ እሳቸው ዝም ሲሉም ዝም ይበል፤ የሚቀጥለው ወግ ከዚያ ዝምታ ይመጣልና። የትም መሄድ ያልቻለም ስልኩን ዘግቶ ጥላ ሥር ይቀመጥ።

የሥራ ኃላፊዎች የፈቃድ ቅጽ ሲፈርሙ በዚያው ብዕር ስልክ አለመደወልንም ይፈርሙ። መምህራን ለተማሪዎቻቸው ከሩጫ ጋር መቀመጥንም ያስተምሩ። እኛ የኪነ ጥበብ ሰዎች ደግሞ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ በማድረግ እንጀምር፤ ከዚያም በግጥማችንና በተውኔታችን ሁለቱን ቃላት ለሕያዋን እንመልስ። «እገሌ ዐረፈ» ሲባል ደንግጦ ነጠላውን የሚያዘቀዝቅ ሳይሆን «እሰይ! የት ሄዶ?» ብሎ የሚጠይቅ ትውልድ እስኪመጣ ድረስ ይህ ክርክር አይዘጋም።